ዓሣ መብላት በብልኃት

«ዓሣ መብላት በብልኃት» ይላል የአገራችን ተረት። ተረቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ስለ ሆነ፣ ፍቺውን ቆም ብለን የምንመረምር ጥቂቶች ነን። የዓሣ ሥጋ እሾህ የተሰወረበት ነውና የቸኮለ ሰው ጉሮሮውን ይወጋል፤ የታገሠና በጣቱ እየለየ የበላ ግን ያለ ጉዳት ይጠግባል። የተረቱ ምሥጢር ግን በእሾህ ብቻ አያበቃም። ጣፋጭ ነገር ከአደጋው ጋር አብሮ እንደሚቀርብ፣ አደጋውንም ከጣዕሙ ለመለየት ዕውቀት እንደሚያስፈልግ ያስተምራል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ተረት የሚወጣ ነው። ይኸውም፣ ሌላውን ፍጥረት እየበላ የሚኖረውን ሥጋ በል እንስሳ ሰው ሊበላው ይገባዋልን? ቢበላውስ ከጉዳት የሚድነው በምን ዓይነት ብልኃት ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ «አንበሳና ነብር የሚበላ ማን አለ?» የሚል አይጠፋምና። ነገር ግን በሐዋሳ ከተማ ሥጋ በል ፍጥረት ወደ ገበታ ሳይቀርብ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እርሱም በውኃ ውስጥ ሌላውን ዓሣ እያደነ የሚኖረው ዓሣ ነው።

ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባንድ ማለዳ በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ቆመን ሳለን፣ የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበ አንዲት ወይዘሮ መጥታ ከአንድ ወጣት ሻጭ ዘንድ ትልቅ ዓሣ መረጠች። ዓሣው ሁላችንም የምናውቀው ቆሮሶ አልነበረም፤ ቢልጫ የሚባለው፣ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ ረጅም ዓሣ ነበር። «ለሾርባ ይሁንሽ እቴ፤ ጉልበት የሚሰጠው ትልቁ ነው» አላት ሻጩ። እኛም «ይህ ዓሣ ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው?» ብለን ብንጠይቀው፣ «የውኃን ነገር ማን ያውቃል ጋሼ፤ እሳት ካየ ወዲያ ሁሉም ንጹሕ ነው» ሲል መለሰልን። በዚያ ቀን የምንለው አጥተን ሄድን። ወይዘሮዋም ዓሣዋን ይዛ ሄደች። የወጣቱ ቃል ግን ከልባችን አልወጣም። በውኑ እሳት ካየ ወዲያ ሁሉም ንጹሕ ነውን? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቃል የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው።

የአባቶች ሥርዓት

ከሁሉ አስቀድመን አባቶቻችን ስለዚህ ነገር የነበራቸውን ሥርዓት እንመልከት። የኦሪት ሕግ በዘሌዋውያን መጽሐፍ በ11ኛው ምዕራፍ የሚበላውንና የማይበላውን ይለያል። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ይበላል፤ በመዳፉ የሚሄድ አውሬ ግን ርኩስ ነው። ከወፎች ወገን ንስርና ጭልፊት፣ እነዚህንም የመሳሰሉ ነጣቂዎች ተከልክለዋል። በውኃ ከሚኖሩትም ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፤ የሌለው አይበላም። የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ይህን የኦሪት ልማድ ከብዙ ሕዝበ ክርስቲያን ይልቅ አጥብቀው ሲጠብቁት ኖረዋል። በእስልምናም ቢሆን ክራንቻ ያለውን ነጣቂ አውሬና በጥፍሩ የሚነጥቀውን ወፍ መብላት በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በብዙ ነገር የሚለያዩት ሁለቱ የአገራችን ታላላቅ ሃይማኖቶች፣ ነጣቂውን አውሬ ከገበታ በማራቅ ረገድ ተቀራራቢ ፍርድ ሰጥተዋል።

ሥርዓቱም በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አልነበረም። በቀድሞው ዘመን አንበሳ የገደለ ጀግና ጎፈሩን ለማዕርጉ ምልክት ያደርገዋል፤ ነብር የገደለም ከቆዳው ለምድ ያሠራል። ሥጋው ግን ለአሞራና ለጅብ ይተዋል። ድኩላ ወይም ሚዳቋ ያደነ ሰው ለቤተ ሰቡ ምግብ ይዞ ሲገባ፣ አንበሳ የገደለው ግን ይዞት የሚገባው ክብሩን እንጂ እራቱን አይደለም። እርግጥ ነው፣ በልዩ ልዩ ቦታ የጅብ ሥጋ «መድኃኒት ነው» እየተባለ በድብቅ ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን በድብቅ መሰጠቱ ራሱ ልማዱ ምን ያህል የተነወረ እንደ ነበረ ያስረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ማስተዋል ያስፈልጋል። በዘመናችን «አባቶቻችን ሥጋ በልን የከለከሉት በሽታ እንዳለበት ስላወቁ ነው» የሚል አስተያየት አዘውትሮ ይሰማል። ይሁን እንጂ ሕጉ ራሱ ለክልከላው የሰጠው ምክንያት ቅድስና ነው እንጂ ጤና አይደለም። ሕግን ለማክበር ሲባል ያላለውን እንዳለ አድርጎ መናገር ሕጉን ማክበር አይሆንም። እንግዲህ ሥርዓቱን በሥርዓትነቱ አክብረን፣ የጤናውን ነገር ግን ራሱን አስችለን እንድንመረምረው ይገባል።

ከሌላው ዓለም የተገኘ ትምህርት

ሥጋ በል አውሬን በልቶ የተጎዳ ሰው ታሪክ በጽሑፍ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ ከእኛ እጅግ ርቆ በዋልታ አጠገብ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1596 ዊለም ባረንትስ የተባለው የሆላንድ መርከበኛና ባልደረቦቹ በሰሜን በኩል ወደ ምሥራቅ አገሮች የሚያደርስ መንገድ ሲፈልጉ፣ መርከባቸው በኖቫያ ዜምልያ ደሴት አጠገብ በበረዶ ተያዘችባቸው። ክረምቱን ካሳለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1597 ነጭ ድብ ገድለው ጉበቱን አብስለው በሉ። ጣዕሙን ወደዱት፤ ነገር ግን ሁሉም ታመሙ፤ ከመካከላቸውም 3ቱ ሕመሙ እጅግ ጸናባቸው፣ ቆዳቸውም ከእግር እስከ ራስ ተላጠ። የሕመሙ ምክንያት ተጣርቶ የታወቀው ከ300 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በዚያን ጊዜ ሮዳልና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በነጭ ድብ ጉበት ውስጥ ሰውን የሚመርዝ ያህል ብዙ ቪታሚን ኤ ተከማችቶ መገኘቱን ገለጡ። ድቡ የባሕር ውሻ የሚባለውን እንስሳ ይበላል፤ ያ እንስሳ ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውም ከእርሱ ያነሰውን ይበላል። እያንዳንዱ በላተኛ ከተበላው የወረሰውን በጉበቱ ስለሚያስቀምጥ፣ የብዙ ሺህ ዓሦች ክምችት በመጨረሻው በላተኛ አካል ውስጥ ይሰበሰባል። መርከበኞቹ ጉበቱን በእሳት አብስለውት ነበር፤ እሳቱ ግን አላዳናቸውም።

ሁለተኛው ትምህርት የተገኘው ከትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ጄምስ ፓጄት የተባለ የሕክምና ተማሪ ለንደን ውስጥ በሞተ ሰው ጡንቻ ላይ እንደ አሸዋ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች አየ፤ ሲመረምራቸውም በየከረጢታቸው ውስጥ የተጠቀለሉ ትሎች ሆነው ተገኙ። ትሉ ትሪኪኔላ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1860 የድሬስደኑ ሐኪም ፍሪድሪክ ጼንከር፣ ትሉ ወደ ሰው የሚገባው በደንብ ካልበሰለ ሥጋ መሆኑን አስረዳ። ትሉ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ሥጋ ሲበላ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው ሥጋ በሚበሉና ጥንብ በሚለቅሙ አራዊት ዘንድ ነው። ለዚህ ትል ግን እሳት ፍቱን መድኃኒት ነው። የሥጋው መካከል 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ የበሰለ እንደ ሆነ ትሉ ይሞታል። በጭስ ማድረቅ፣ ጨው መንስነስ፣ ቋንጣ ማድረግ ግን አስተማማኝ አይደለም፤ በዱር አራዊት ከሚገኙት የትሉ ዓይነቶችም አንዳንዶቹ ቅዝቃዜን ሳይቀር ይቋቋማሉ።

ነገሩ የባዕድ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለሐዋሳ ጎረቤት በሆነችው በአርሲ የዱር አሳማ ሥጋ ከበሉት ሰዎች መካከል 20ው በዚሁ ትል ታመው መገኘታቸውን ሐኪሞች ጽፈዋል። የዱር አሳማ እንደ አንበሳ አዳኝ ባይሆንም ጥንብ ካገኘ አይተውም፤ ትሉንም የሚወርሰው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። ሥጋ በል ፍጥረት በሥጋው ውስጥ ሁለት ዓይነት ውርስ ይዞ ይኖራል። አንዱ ሕይወት ያለው ነው፤ እርሱን እሳት ይገድለዋል። ሁለተኛው ሕይወት የሌለው ነው፤ ሕይወት የሌለውን ደግሞ እሳት ሊገድለው አይችልም።

ስለ ኮሶ

ወደ ሐዋሳ ከመሄዳችን በፊት አባቶቻችን ከመጀመሪያው ዓይነት ውርስ ጋር እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር ማስታወስ ይጠቅማል። አገራችን ጥሬ ሥጋ የሚወደድባት አገር ናት። ከጥሬ የበሬ ሥጋም የኮሶ ትል እንደሚመጣ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ነገር ግን ብርንዶውን አልተዉም፤ የኮሶን ዛፍ አበባ እየወቀጡና እየበጠበጡ በየሁለት ወሩ ያህል በመጠጣት ትሉን ያወጡት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህን ዛፍና ይህን ልማድ ለአውሮፓ ሰዎች ገልጦ ጽፏል። ከዚያም ወዲያ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ይሸጥ ነበር።

ይህ ከአደጋ ጋር የተደረገ የታወቀ ስምምነት ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም፣ መድኃኒቱም በአገሬው ዘንድ ተለይተው የታወቁ ነበሩ። የኮሶ ምሬት ራሱ ለጥሬ ሥጋ የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የሚጸናው መድኃኒት ላለው ነገር ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሐዋሳና ሐይቅዋ

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ በ1952 ዓ.ም. ነው። በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋ ዓለም ወደርስዋ ተዛወረ፤ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። ስምዋን ያገኘችው ከሐይቁ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ውበትዋና ገበታዋ ከሐይቁ የተለየ አይደለም።

በዙሪያው ያለው የሲዳማ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው በእንሰት ነው። ከእንሰቱ የሚዘጋጀው ዋሳ በቅቤና በወተት ታጅቦ የቤቱ ዋና ምግብ ነው። ዓሣ የከተማ ምግብ ሆኖ የገነነው ከተማይቱ ካደገች በኋላ ነው። ዛሬ ግን ሐዋሳ ደርሶ ዓሣ ሳይቀምስ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። በጾም ወራት ዓሣ መብላትን በሚፈቅዱት ዘንድ ፈላጊው ይበረክታል።

ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱም እጅግ በዛ በሚልበት ቦታ 22 ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ነገር ግን ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህ ለነገራችን ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጎርፍ አጥቦ፣ ወንዝም ተሸክሞ ያመጣው ነገር ከገባ በኋላ እንደ ልቡ የሚወጣበት በር የለውምና።

በሐይቁ ከሚገኙት 6 የዓሣ ዓይነቶች ለገበያ የሚቀርቡት ሦስቱ ናቸው። አንደኛው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በዋናነት በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አረንጓዴ ተክል እየለቀመ ስለሚኖር ከዓሦች መካከል እንደ በሬ ሊቆጠር ይችላል፤ ከሚያዘውም ዓሣ እጅግ የሚበዛው እርሱ ነው። ሁለተኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ከአፉ ዙሪያ እንደ ድመት ጢም ያለ ነገር ይወጣለታል፤ ሲያድግ ቆሮሶን ሳይቀር ሌላውን ዓሣ ይውጣል። ቅርፊት ስለሌለው የኦሪትን ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው አይበላውም። ሦስተኛው ወይዘሮዋ የገዛችው ቢልጫ ነው። ቢልጫ ቅርፊትም ክንፍም ያለው ስለ ሆነ በሥርዓቱ የተፈቀደ ነው። በልጅነቱ ነፍሳትና ቀንድ አውጣ፣ ሣርም ሳይቀር ያገኘውን ይበላል፤ ሲያረጅና ሲተልቅ ግን ጠባዩን ይለውጥና ትንንሽ ዓሦችን ማደን ይጀምራል። እንግዲህ ትልቁ ቢልጫ መልኩ እንደ ሰላማዊ ዓሣ ቢሆንም ግብሩ የነብር ነው።

እሳት የሚያሸንፈው

በአሞራ ገደል ማለዳ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ወጣቶቹ በስለታቸው የዓሣውን ሥጋ ከአጥንቱ ይለያሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ደግሞ የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። ከበላተኛው አንዳንዱ ጥብሱን፣ አንዳንዱ ሾርባውን ይመርጣል። ጥሬውን በአዋዜ ወይም በሚጥሚጣ የሚወድም ብዙ ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ላይ ምርመራ ያደረጉ ባለሙያዎች፣ በቆሮሶና በአምባዛ ሆድ ዕቃ ውስጥ ኮንትራሴኩም የሚባል ትል አግኝተዋል። የዚህ ትል ዋና ማደሪያ ዓሣ የሚበሉ የውኃ ወፎች ናቸው። እንቁላሉ ከወፎቹ ኩስ ጋር ወደ ውኃ ይወርዳል፤ በጥቃቅን የውኃ ፍጥረታት በኩልም ወደ ዓሣ ይገባል። ዓሣ የሚበላው ዓሣ ደግሞ የተበላውን ዓሣ ትል ጭምር ይወርሳል። ይህ ትል በሰው ላይ የሚያደርሰው ሕመም የሚታየው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ የቅርብ ዘመዶቹ በሌላ አገር ያደረሱት ጉዳት ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሆላንድ ሐኪሞች ጥሬ ወይም በስሱ ጨው የነካው ሄሪንግ የሚባል ዓሣ የበሉ ሰዎች አንጀታቸውን በጽኑ የታመሙት በዚህ ወገን ትል መሆኑን ገለጡ። መንግሥታቸውም ሕዝቡን «የምትወዱትን ምግብ ተዉ» አላለም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓሣው ሳይበስል የሚበላ እንደ ሆነ አስቀድሞ በብርቱ ቅዝቃዜ እንዲቆይ አዘዘ እንጂ። ከዚያም ወዲህ በሽታው በዚያ አገር እጅግ ቀነሰ።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። ዓሣ መካከሉ 63 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ማለትም ሥጋው ነጥቶ በጣት ሲነኩት እስኪፈረፈር ከበሰለ ትሉ ይሞታል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ለሾርባው ከበቂ በላይ ነው። ጥሬውን መተው ያልቻለ ሰው፣ ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ 7 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ይገባዋል። አዋዜና ሚጥሚጣ፣ ሎሚም ቢሆን፣ ምላስን ያቃጥላሉ እንጂ ትሉን አይገድሉም። እስከዚህ ድረስ የወጣቱ ሻጭ ቃል እውነት ነው ለማለት ይቻላል።

እሳት የማያሸንፈው

የወጣቱ ቃል የሚሰናከለው ከዚህ ወዲያ ነው። ባዜቃ፣ በባዕድ ስሙ ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ማዕድን፣ ከእሳተ ገሞራ፣ ከዐለት፣ ከድንጋይ ከሰል ጭስ፣ ከወርቅ ማጠቢያና ከፋብሪካ እየወጣ ወደ ውኃ ይገባል። በውኃው ወለል ያሉ ረቂቃን ፍጥረታት ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል የከፋ መርዝ ይለውጡታል። ደቃቁ የውኃ ተክል ጥቂት ይወስዳል፤ ተክሉን የበላ ፍጥረት ከእርሱ ይበልጥ ያከማቻል፤ ያንን የበላ ዓሣ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ። መርዙ በጮማው ሳይሆን በራሱ በሥጋው ላይ ስለሚጣበቅ ስቡን ማስወገድ አይጠቅምም። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያወጣውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ሥጋው ስለሚያንስ፣ በቀረው ሥጋ ላይ የመርዙ ድርሻ ከፍ ይላል።

ይህ ነገር ምን ሊያደርስ እንደሚችል ዓለም የተማረው በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ ነው። አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕሩ በለቀቀው ፍሳሽ ምክንያት ዓሣ የሚበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸውና አንደበታቸው ታወከ። በሽታው በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1956 ሲሆን፣ የአገሩ መንግሥት የፋብሪካውን ፍሳሽ ምክንያትነት ያረጋገጠው 12 ዓመት ቆይቶ በ1968 ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፤ እምብዛም ሕመም ያልታየባቸው እናቶች አእምሮአቸውና አካላቸው የተጎዳ ሕፃናት ወለዱ። መርዙ ከእናቲቱ ይልቅ በማኅፀን ያለውን ልጅ ይጎዳልና።

የሐዋሳ ሐይቅ ሚናማታ አይደለም፤ ማንም አንባቢ እንዲህ ብሎ እንዳይደናገጥ። ነገር ግን ሐይቁን ያጠኑ ሊቃውንት የምንሰማው ነገር ነግረውናል። ዘሪሁን ደስታ ከዝናቡ ገብረ ማርያምና ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በሐይቁ ቢልጫ ሥጋ ውስጥ ያለው የባዜቃ መጠን ዓሣው ምግቡን ከለወጠበት ጊዜ ጀምሮ፣ ማለት ሌላውን ዓሣ መብላት ሲጀምር፣ እጅግ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ከትልልቆቹም አንዳንዶቹ ለገበያ ዓሣ የተወሰነውን ድንበር፣ ይኸውም በአንድ ኪሎ ግራም ሥጋ ግማሽ ሚሊ ግራም የሚለውን አልፈው ተገኙ። ቆሮሶ ግን በውኃው ተክል የሚኖር ስለ ሆነ መጠኑ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው ስለ አምባዛ ሲጽፉ፣ ዓሣ በል ሆኖ ሳለ የባዜቃው መጠን ከተጠበቀው ያነሰ መሆኑን ገለጡ።

እነሆ እዚህ ላይ ታሪኩ ከጠበቅነው መንገድ ይወጣል። በሥርዓቱ የተፈቀደው፣ ቅርፊት ያለው ቢልጫ በእርጅናው የከፋውን ይሸከማል፤ በሥርዓቱ የተከለከለው፣ ቅርፊት የሌለው አምባዛ ደግሞ ከእርሱ ይሻላል። እንግዲህ የጥንቱን ሥርዓት እንደ ኬሚስትሪ መጽሐፍ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይሳሳታል። ሥርዓቱን እንደ ተራ ነገር የሚንቅም ሰው እንደዚሁ ይሳሳታል። አባቶቻችን ከገበታ በፊት «ይህ ፍጥረት ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅን አስተምረውናልና። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ለጤና ሲሆን ግን መልሱ ከቅርፊቱ ሳይሆን ከሆዱና ከዕድሜው ላይ መፈለግ አለበት። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ አውጪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 የሜቲል ሜርኩሪን ድንበር ሲወስን፣ ለአዳኝ ዓሣና አዳኝ ላልሆነ ዓሣ ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥር መስጠቱም ይህንኑ ጥያቄ መጠየቁ ነው።

የዘመናችን ብልኃት

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ዓሣ አንብላ» የሚል ሐሳብ ያደረበት አንባቢ ቢኖር የተጻፈውን አልተረዳም። ዓሣ ለሰውነት ግንባታ እጅግ የሚጠቅም ምግብ ነው፤ በገበያ የሚበዛውም ቆሮሶ ከሁሉ የሚሻለው ነው። የሚያስፈልገው መተው ሳይሆን መለየት ነው።

የሚለየውም እንዲህ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ ለሕፃንም ትልቁ ቢልጫ አይገባም፤ ቆሮሶ ይበቃቸዋል። ሌላውም ሰው ቢሆን ትልልቁን ሥጋ በል ዓሣ የዘወትር ምግቡ ማድረግ የለበትም፤ ሰውነት ይህን መርዝ የሚያስወጣው ቀስ በቀስ ስለ ሆነ፣ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ሁለት ወር ያህል ይፈጃልና። ማንኛውንም ዓሣ ቶሎ አንጀቱን ማውጣት፣ አጥቦ በደንብ ማብሰል፣ ጥሬውን ለሚወድ ሰው ደግሞ በብርቱ ቅዝቃዜ ማሳደር ይገባል። የዱር አውሬ ሥጋ የገጠመውም ሰው ጉበቱን ትቶ፣ ሥጋውን ደሙ እስኪጠፋ ያብስል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላል ቋንቋ ሊያስረዱት ይችላሉ። «ማን ማንን ይበላል?» የሚለው ትምህርት ከሐዋሳ ሐይቅ የተሻለ ሰሌዳ አያገኝም። ሹማምንትም የሆላንድን ምሳሌ ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ በዓሣ ገበያ አንድ ማቀዝቀዣ ማቆም፣ የዓሣውን ሥጋና ወደ ሐይቁ የሚገባውን ፍሳሽ በየጊዜው ማስመርመር ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ የተቀበለውን አይረሳምና፣ ዛሬ የገባበት ነገር ነገ በልጆቻችን ገበታ ላይ ይቀርባል።

ለጥሬ ሥጋ አባቶቻችን ኮሶን አግኝተውለት ነበር፤ ባዜቃን ግን ጠጥተው የሚያወጡበት ኮሶ በየቤቱ የለም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ወጣት ዳግመኛ ብናገኘው፣ «ወንድማችን፣ እሳት ያየ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡሯ ትልቁን ሳይሆን ቆሮሶውን ስጣት» እንለዋለን። ሰምቶ ለሌላው የነገረ እንደ ሆነ፣ «ዓሣ መብላት በብልኃት» ያሉት አባቶች ልጅ መሆኑን ያስመሰክራል።